ሰም የለበሰው ግድግዳ

ጋሽ አንለይ ማረፋቸውን የሰማሁት ለአንድ ሽማግሌ የጠዋት ክኒናቸውን እያስዋጥኩ ሳለ ነው። ካርድ ክፍል የምትሠራው እቴነሽ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ሲስተር፣ ጋሽ አንለይ አረፉ፤ አሁን ከአማኑኤል ተደወለ» አለችኝና የጋውኗን እጅጌ ወደ ዓይኗ ሰደደች። ሽማግሌው ክኒኑን ጉንጫቸው ውስጥ እንደያዙ ያዩኛል። «ይዋጡት አባቴ፣ ውሃ ይጨምሩበት» አልኳቸው። ዋጡት። ካርዳቸው ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ሸኘኋቸው፣ በሩን ዘጋሁና የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያለቀስኩት በኋላ ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ስሜት፣ ለመጻፍም ያሳፍረኛል፣ እፎይታ ነበር።

ሰው ሲሞት ደግ ነበር ይባላል። ጋሽ አንለይ ደግ ነበሩ ብዬ ላልፈው ብችል በወደድኩ። ነገሩ ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ከእኔም ጋር የተያያዘ ነው።

ሥራቸው ላብራቶሪ ነበር። ከአማኑኤል ወደ ውስጥ በሚያስገባው የጠጠር መንገድ ላይ ባለችው ትንሽ ከተማችን ጤና ጣቢያ ከተከፈተ ጀምሮ ማይክሮስኮፕ ላይ የጎበጡ ሰው ናቸው። እኔ የቲቢ ክፍል ነርስ ነኝ። በክፍሎቻችን መካከል አንድ ጠባብ ኮሪደር አለ። አክታ ከእኔ ወደ እሳቸው ይሄዳል፣ ውጤት ከእሳቸው ወደ እኔ ይመጣል፤ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ተኗኗርን። ሰው ፊት «ሲስተር» ይሉኛል፤ ብቻችንን ስንሆን «አንቺ ልጅ»።

ረጅም፣ ከሲታ፣ ትከሻቸው ወደፊት የታጠፈ ሰው ነበሩ። የቀድሞው ማይክሮስኮፕ በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይበት ስለነበር ግራ ዓይናቸውን ጨፈን የማድረግ ልማድ ነበራቸው፤ መንገድ ላይም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ምሳ ላይም። አንድ ጊዜ አዲስ የተመደበች የጤና መኮንን «ይሄ ሽማግሌ ይጠቅሰኛል» ብላ ለኃላፊው ከሰሰቻቸው። ተጠርተው ሲጠየቁ፣ «ልጄ፣ እኔ ሴት መጥቀስ የተውኩት ይሄ ማይክሮስኮፕ ከመጣ ወዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ የጠቀስኩት ጀርም ብቻ ነው» አሏት። ልጅቱ ራሷ ሳቀች። የገጠሩ ሰው ነጭ ጋውን ያየበትን ሁሉ ዶክተር ስለሚል እሳቸውንም ዶክተር ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ ያርማሉ፦ «ዶክተር አይደለሁም። ያየሁትን ነው የምናገር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሲስተር ታውቃለች።»

አንዴ ካነሱት የማይለቁት አንድ ወሬ ነበራቸው፤ የሴል ግድግዳ። እኛ ስለ ጤፍ ዋጋ ስናወራ እሳቸው ከሳህኑ ላይ ቃሪያ ያነሡና ቀጭ አድርገው ሰብረው፣ «ሰማሽ? ይህ ቀጭ ያለው ግድግዳው ነው። ሥጋ እንዲህ ቀጭ ሲል ሰምተሻል? አይልም። ግድግዳ የለውማ!» ይሉኛል። ቃሪያ አለው፣ ሽንኩርት አለው፣ የጠላው እርሾ አለው፣ ጀርም አለው፤ እያንዳንዱ ሴል በራሱ ግድግዳ ታጥሮ ይኖራል። የሌለን እኛና ከብቶቻችን ብቻ ነን። «እኛን እንዲሁ ለቀቀን» ይሉ ነበር ወደ ላይ ቀና ብለው። ቅሬታ ይሁን ምስጋና ለይቼው አላውቅም።

አማኑኤል ላይ ያሠሩትን ቤት ሲያስለስኑ ጭቃ ረጋጮቹን አስቁመው አንድ እፍኝ ጭድ አነሡ። «ይህ ጭድ ከሞተ ቆየ፤ ግድግዳው ግን አልሞተም። ቤታችንን የያዘልን እሱ ነው። እንጨት ማለትም ሌላ ምንም አይደለም፤ ባለቤቱ ሞቶ የቀረ ግድግዳ ነው» አሏቸው። ጭቃ ረጋጮቹ ተያዩ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እሺ ጋሼ፤ ታዲያ ውሃ እንጨምር ወይስ ይበቃል?» አለ። ይህን ራሳቸው ናቸው እየሳቁ የነገሩኝ።

የቲቢ ጀርም ሲነሣ ግን ሳቃቸው ይቀራል። እኔ ኮሌጅ ተምሬ የረሳሁትን ነገር እሳቸው ናቸው ያስገቡልኝ። የሌላው ጀርም ግድግዳ ቀለም ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎም ይለቃል። የቲቢው ግን ሰም የለበሰ ነው፤ ቀለም አፍስሰው ቢተዉት አይገባውም። አክታው የተቀባበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ ከሥሩ በእሳት ሲያሞቁት ሰሙ ይላላና ቀዩ ቀለም ይገባል። ሲቀዘቅዝ ሰሙ መልሶ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አሲድ ቢያፈሱበት ቀለሙን አይለቅም፤ ሌላው ሁሉ ታጥቦ ሲሄድ እሱ ብቻ ቀይ ሆኖ ይቀራል። «የተደበቀበት ግድግዳ ነው የሚያስይዘው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ነገር ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። በአልኮል የሚነድ የስፒሪት መብራታቸውን ይዘው ከስላይዱ ሥር ወዲያ ወዲህ ሲያደርጉ፣ እንፋሎት እስኪወጣ፣ አረፋ ግን እንዳይሆን፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር። በዚያ ሰዓት የሚያናግራቸው ሰው የለም።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ በአንድ ስላይድ ላይ መቶ ቦታ ሳያዩ «የለም» አይሉም። ሲቆጥሩ ከጠራኋቸው ዓይናቸውን ሳያነሡ አንድ ጣት ብቻ ያነሣሉ፤ ቆይ ማለታቸው ነው። ሁለተኛው፣ ከበሽተኞቹ ስላይዶች ጋር ጀርም እንዳለበት አስቀድሞ የሚታወቅ አንድ ስላይድ አብሮ ይቀባል፣ አብሮ ይሞቃል፣ አብሮ ይታጠባል። «ምስክር» ነው የሚሉት። ምስክሩ ቀይ ካላሳየ እሳቱ ወይም ቀለሙ ችግር አለበት ማለት ነውና የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ ይደገማል።

አያ ዘለቀ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ፤ ሁለት ወር ክኒን ወስደው ሥጋቸው መለስ ሲል ቀሩብን። ጋሽ አንለይ በገበያ ቀን አድፍጠው ያዟቸውና ላብራቶሪ አስገቧቸው። መጀመሪያ የሽንኩርት ልጣጭ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረጉላቸው።

«ምን ይታይዎታል?»

«ካብ። አጥር ነገር ነው።»

«ሽንኩርት ነው።»

«ሽንኩርት ይህን ሁሉ አጥር ምን ሊያደርግለት!»

«እርስዎስ ማሳዎን ለምን ያጥራሉ?»

ከዚያ የሰውየውን የመጀመሪያ ቀን ስላይድ ከሣጥን አወጡ፤ የተመረመረውን ሁሉ በሣጥን ነበር የሚያስቀምጡት። በሰማያዊ ቀለም በተነከረው አክታ መሐል ቀያዮቹን አያ ዘለቀ አዩዋቸው። «እኒህ የእርስዎ ናቸው» አሏቸው ጋሽ አንለይ። «ሰም ለብሰዋል። ክኒኑ ሰሙን እየፋቀ ነው የሚገባ። ስድስት ወር ያልነዎት ለዚያ ነው። አሁን ካቆሙ የተፋቀው መልሶ ይለብሳል።» አያ ዘለቀ፣ «ኤዲያ፣ አሁንስ አስጠሉኝ!» ብለው ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ግን ከሁላችን ቀድመው ክፍሌ በር ላይ ቆመው ነበር። ስድስት ወራቸውን ጨረሱ፤ ዛሬም አሉ።

እዚህ ላይ ማቆም ብችል ጥሩ ነበር።

ከዚያ በጦርነቱ ምክንያት መንገዱ ተዘጋ። ስለ እሱ ብዙ አልልም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነው። መድኃኒት የሚያመጣው መኪና ቀረ፤ አክታ ደብረ ማርቆስ ልከን በማሽን ማስመርመርም ቀረ። የቀረን የጋሽ አንለይ ዓይን ብቻ ነው። መጀመሪያ ጓንት አለቀ፣ ከዚያ ስላይዱ መመናመን ጀመረ፣ ከዚያ የመብራቱ ስፒሪት ጠብታው ደረቀ። በከሰል ሞከሩ፤ መስታወቱ ተሰነጠቀ። በኩራዝ ሞከሩ፤ ጥላሸት ለበሰ። «ምርመራው ይቁም» አሉ ለኃላፊው። ውጭ ግን የሚያስል ሰው ግንቡን ተደግፎ ተሰልፏል።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አረቄ ታወጣለች። ዳግመኛ የወጣው አረቄዋ በአካባቢው የታወቀ ነው። ሳህን ላይ ጠብ አድርጋ ክብሪት ጫረችበት፤ ሰማያዊ ነበልባል ተነሣ። «ይህ እንኳን መብራት፣ ቤትም ያነድዳል» አለችኝ ኮራ ብላ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ ወሰድኩላቸው። ጋሽ አንለይ አሸተቱና፣ «ጀርሙን አስክረን ልንይዘው ነው?» አሉ። ቢሆንም እንዲሁ አልተቀበሉትም፤ ከምስክሩ ጋር ሞከሩት። ምስክሩ ቀይ አሳየ፤ ፈዘዝ ያለ ነው፣ ግን ቀይ ነው። ሥራው ቀጠለ። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የኮራሁት ኩራት ትዝ ሲለኝ ራሴን ማየት ያስጠላኛል።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲያልቅ ሁለተኛ አመጣሁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ገበያ ሄዳ ስለነበር የቀዳልኝ ሌላ ሰው ነው። ሳህን ላይ ጠብ አላስደረግሁም፤ ክብሪትም አላስጫርኩም። ቸኩዬ ነበር። በዚያው ሳምንት ስላይዱ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበርና ጋሽ አንለይ ምስክሩን ሲቀቡ አይቼ፣ «ጋሼ፣ ይህን ለምስክር ከሚያባክኑት ለአንድ በሽተኛ አይሆንም?» አልኳቸው። እጃቸውን አቆሙ። ውጭ የተሰለፈውን ሰው በመስኮት አዩት። «እውነትሽን ነው» አሉና ስላይዱን መልሰው አስቀመጡት። በሃያ ምናምን ዓመት አንዴ ነው ሕጋቸውን የጣሱት፤ ያስጣስኳቸውም እኔ ነኝ።

ፈንታዬ የመጣችው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ሃያ ሁለት ቢሆናት ነው፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ቀበሌ፣ የስድስት ወር ልጇን ትርንጎን አዝላ። ከወር በላይ አስሏታል፤ ሌሊት ያልባታል፤ ከስታለች። አክታዋን ሁለት ጊዜ ሰጠች። ጋሽ አንለይ በሁለቱም ላይ መቶ መቶ ቦታ ቆጠሩ፤ በወረቀቱ ላይ «አልታየም» ብለው ጽፈው ፈረሙ። እኔ ወረቀቱን ተቀብዬ፣ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ቲቢ የለብሽም» አልኳት። ልጅቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ «እልል እል ነበር፣ ሰው ፈርቼ ነው» አለች። ለሳንባ ምች የሚሰጠውን ክኒን ሰጠኋት። በር ላይ ደርሳ ተመለሰችና፣ «ሲስተር፣ እንግዲያ ከልጄ ጋር ልተኛ?» አለችኝ። ለካ ወር ሙሉ ፈርታ ሕፃኗን ከአማቷ ጋር ስታስተኛ ኖራለች።

«ተኚ፤ ምን አለብሽ» አልኳት።

መንገዱ ተከፍቶ ስፒሪት ሲመጣ፣ «የለብህም» ተብሎ የሄደ አንድ ሰው ደም እየተፋ ተመለሰ። ጋሽ አንለይ በአዲሱ ስፒሪት አክታውን አሞቁት፤ በማይክሮስኮፑ የሚታየው ሁሉ ቀይ በቀይ ሆነ። ያን ቀን ምሳ አልወጡም። የእነዚያን ሳምንታት ስላይዶች ሣጥን አውጥተው፣ አንድ በአንድ እንደገና ቀለም ቀብተው፣ እንደገና አሞቁና ማየት ጀመሩ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ።

«ሲስተር፣ ተቀመጪና እይ።»

ብቻችንን ሆነን «ሲስተር» ያሉኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። አየሁ። በሰማያዊው ላይ ቀያይ ዘንጎች ተበትነዋል።

«የማን ነው?»

«ያቺ ሕፃን ያዘለችው ልጅ።»

ሰባት ሰው ነበር። የአረቄው እሳት ደካማ ስለነበር ሰሙ አልላላም፤ ቀለሙ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ከአሲዱ ጋር ታጥቧል። «ያየሁት እንፋሎት የመስታወቱ እርጥበት ኖሯል» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ምስክሩ አብሮ ተቀብቶ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ይነግረን ነበር። «ጋሼ፣ አረቄው እኮ እኔ...» ብዬ ስጀምር ያቺን ጣታቸውን አነሡ። «ያየሁት እኔ ነኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ስለ ጠርሙሱም ሆነ ስለ ምስክሩ አንድ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም፤ ለእኔም፣ ለማንም።

ሰዎቹን ፍለጋ በእግራችን ወጣን። አንዱ ራሱ የተመለሰው ነው። አራቱን በሁለት ቀን አገኘናቸው። ስድስተኛው ሽማግሌ ነበሩ፤ ከተቀበሩ ሳምንታቸው። ልጆቻቸው «ዕድሜያቸው ነው» ብለው ጠላ ቀዱልን። ጋሽ አንለይ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ሊነግሯቸው ሦስት ጊዜ ጀመሩ፤ ልጆቹ ሦስቱንም ጊዜ «ኧረ ይጠጡ» እያሉ አቋረጧቸው።

ፈንታዬ ቤት የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ደጅ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ጀርባዋ ባዶ ነበር። ትርንጎ ከሞተች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ትኩሳት ያዛት፣ ጡት እምቢ አለች፣ አንገቷ ደረቀ፣ አንቀጠቀጣት፤ በአምስተኛው ቀን አለቀች። እኔ ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለገኝም። በሽታው ከሳንባ ወደ አንጎል ሲወጣ ሕፃን እንዴት እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

«ምች ነው የመታት» አለች ፈንታዬ። «በቀትር ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ አዝያት ነበር። አማቴ አትሂጂ ብላኝ ነበር። እኔው ነኝ የገደልኋት።»

ጋሽ አንለይ እንደዚያ ረጅም ሆነው ከፊቷ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም፤ ፀሐዩም አይደለም» አሏት። «እኔ ነኝ። በሽታው ነበረብሽ፤ እኔ ነኝ ሳላየው የለም ብዬ የጻፍኩ። አለ ብዬ ቢሆን ለአንቺም መድኃኒት፣ ለልጅሽም መከላከያ ይሰጣት ነበር። ትርንጎ ዛሬ ትኖር ነበር። የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ፈንታዬ ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ፊቷ ላይ አንድ ለስላሳ ነገር መጣ። «እግዜር ያክብርዎ» አለች። «ይህን ሁሉ ዳገት በእግርዎ መጥተው፣ እኔን ለማጽናናት ብለው የሰው ልጅ ነፍስ በራስዎ ላይ ይሸከማሉ? ኧረ ምን በወጣዎ!» አማቷ ከጓዳ ወጥታ፣ «እንዲህ ያለም ሰው አለ!» እያለች ትከሻቸውን ሳመች። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ሰው ሐዘንተኛን ለማበርታት የማይለው ነገር የለም፤ የእሳቸውንም ቃል የወሰዱት እንደዚያ ነው።

«እውነቴን ነው እኮ!» አሉ ጋሽ አንለይ። ድምፃቸው ተሰበረ። ይሄኔ ሴቶቹ ጭራሽ አለቀሱላቸው።

ያኔ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። በሁለቱም ዓይናቸው። ምን እንደፈለጉ ገብቶኛል። እኔ ነርሷ፣ ነጻ ነሽ ያልኳት እኔው፣ «እውነታቸውን ነው» ብል ታምነኝ ነበር። ግን ስላይዱ እንዴት እንደተበላሸ ብትጠይቅስ? አረቄው ከየት መጣ፣ ምስክሩን ማን አስቀረው፣ ከልጅሽ ጋር ተኚ ያለ ማነው ብትልስ? ጫማዬ ላይ ጭቃ ነበር፤ ጭቃውን አየሁ። «ፈንታዬ፣ ነገ ጠዋት ነይና መድኃኒት ትጀምሪያለሽ» አልኩ።

ተመለስን። ወንዙን እንደተሻገርን፣ «አላመነችኝም» አሉ። ትንሽ ሄደው ደግሞ፣ «አንቺን ታምንሽ ነበር» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ አንለይ የሚያምናቸው ሰው ፍለጋ ላይ ነበሩ ማለት እችላለሁ። ለኃላፊው ደብዳቤ ጻፉ፤ ኃላፊው አንብቦ፣ «ጋሼ፣ በዚያ ጊዜ በባዶ እጅ የሠሩት ተአምር ነው፤ ራስዎን አይጉዱ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ቀኖና ስጡኝ አሉ። አባ ደግሞ «ሳያውቁ የሠሩት ነው፤ ልብዎን ያሳርፉ» ብለው መስቀል አሳልመው ሸኟቸው። «ሰው ሁሉ እንዲህ ከጨከነብኝ ምን ላድርግ?» አሉኝ አንድ ቀን። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም፤ ጭካኔ ያሉት እሱን ነበር።

ፈንታዬ ስድስቱን ወር ሙሉ መድኃኒቷን ወሰደች። በመጣች ቁጥር ለእሳቸው አንድ ነገር ትይዛለች፤ እንቁላል፣ ቆሎ፣ አንድ ጊዜ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጎንበስ ብላ ትሰጣቸዋለች። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይቀበሉና፣ ስትሄድ እኔ ጠረጴዛ ላይ አምጥተው ያኖሩታል። «ይህን እንዴት ልብላ?» ይላሉ። አስተኝተን ለምናክማቸው በሽተኞች እሰጠው ነበር። ስለ ቃሪያም ስለ ሽንኩርትም ማውራት ተዉ። መቶ የነበረውን ቆጠራ ሦስት መቶ አደረሱት፤ አንድ ስላይድ ላይ ግማሽ ቀን እየቆዩ ሰልፉ ሲረዝም ኃላፊው ጡረታቸውን አስታወሳቸው። ወጥተው አማኑኤል ገቡ። ሚስታቸው ቀድማቸው ሞታ ነበር፤ ልጅ አልነበራቸውም።

ሦስት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሆዳቸውን ያማቸው ነበር፤ ከሲታነታቸው ብሶ አጥንት ብቻ ሆነዋል። ደብረ ማርቆስ ሄደው ይመርመሩ አልኳቸው። «ውጤቱን የሚያነበው ሰው ነው አይደል?» አሉ። ለመንኩ፤ እቴነሽም ለመነች። ደማቸውን እንኳ ሳያስቀዱ ቀሩ። ሃያ ምናምን ዓመት የሰውን ሁሉ ደምና አክታ ያዩ ሰው!

ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቅኋቸው ቀን አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። «ፈንታዬ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ድናለች ጋሼ። ወፍራለች።»

«ነገርሻት?»

የብርድ ልብሳቸውን ጫፍ አስተካከልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ስለ እኔ ብዬ አይደለም» አሉ። «እኔ የምሄድ ሰው ነኝ። እሷ ግን ወጣት ናት። ልጄን ፀሐይ ላይ አውጥቼ ገደልኳት እያለች አርባ ዓመት ልትኖር ነው። ሌላም ትወልዳለች፤ እሱንም አዝላ በወጣች ቁጥር ይህን ታስባለች። እኔ ብነግራት አጽናኝ መሰልኳት። አንቺ ንገሪያት። የእኔን ብቻ ንገሪያት፤ የራስሽን አትንገሪ። ይበቃል።»

የራስሽን አትንገሪ አሉኝ። ሁሉን ያውቁ ነበር፤ መውጫውንም ራሳቸው ከፍተውልኛል። «እሺ ጋሼ፣ እነግራታለሁ» አልኩ፤ ግንባራቸውን ስሜ ወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እቴነሽ በሩን ገርበብ አደረገችው።

አማኑኤል የደረስኩት በቀብሩ ማግስት ነው። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ከይጁቤም ከደብረ ኤልያስም ድረስ የመጣ ሰው ነበር። አያ ዘለቀ በር ላይ ቆመው እንደ ልጅ ያለቅሳሉ። ሴቶቹ መሐል ገብቼ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ሰውን እየለመነች አልፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ፈንታዬ ናት። ከወንዙ ማዶ ድረስ በእግሯ መጥታለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ሆዷ ገፋ ብሏል።

ብዙ አለቀሰች። ሲወጣላት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያኔ እቤቴ መጥተው እኔ ነኝ የገደልኳት ያሉኝ፣ ከልባቸው ነበር እንዴ? እንዲህ አጥብቀው የተናገሩት እየመጣ እንቅልፍ ይነሳኛል። አንቺ አብረሽ ትሠሪያለሽ፤ ታውቂያለሽ።»

አፌ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ነበር የቀረው። ድንኳኑ ውስጥ ስለ ጋሽ አንለይ ደግነት የሚያወራውን ሰው ሰማሁ። ኃላፊው ከፊት ረድፍ ተቀምጧል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከእኔ ሦስተኛዋ ሴት ናት። ፈንታዬ እያየችኝ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ዓይን፣ አንድ ቃል ብቻ የሚጠብቅ።

«አይደለም» አልኳት። «ሊያጽናኑሽ ብለው ነው። ሰውየው እንደዚያ ነበሩ።»

ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«እኔም ብያለሁ» አለች። «እንግዲያስ ፀሐዩ ነው። እኔው ነኝ።»

ከዚያ ተነሥታ እያለቀሰች ወደ አልቃሾቹ ሄደች፤ ስማቸውን እየጠራች «አጽናኜ፣ አጽናኜ» ትል ጀመር፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። ንፍሮ የምታዞር ሴት ፊቴ ስትቆም እጄን ዘረጋሁ። ሰጠችኝ፤ በላሁ።